ስለ መሬት ይዞታ ደብተርና ስለ ተዛማጅ የመረጃ ቋት አነዳደፍ፤ ከይፋግና ከፎገራ ሜዳ አኳያ የቀረበ ሒስ

በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራቸውን ከሚያቀርቡት ጓደኞቻችን መካከል ብዙዎቹ ለአንድ ድርጅት የሚሆን ተዛማጅ የመረጃ ቋት መንደፍን አርእስት አድርገው ይመርጣሉ። ድርጅቱ አንድ ጊዜ ሆቴል፣ አንድ ጊዜ መድኃኒት ቤት፣ አንድ ጊዜም የተማሪዎች ምዝገባ ክፍል ይሆናል። ንድፉ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሠራተኛ የሚባል ሠንጠረዥ፣ ክፍል የሚባል ሠንጠረዥ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ቁልፍ። እንዲህ ያለው ሥራ ከውጭ አገር የመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ስለ ሆነ ስሕተት አይገኝበትም፤ ስሕተት የማይገኝበትም የተመረመረ ስለ ሆነ ሳይሆን ማንም ስለማይሠራበት ነው። እኛም ስለዚህ ነገር በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንድ እውነተኛ መዝገብ ወስደን፣ የመማሪያ መጽሐፉን ሕግ በላዩ ላይ አድርገን፣ የትኛው ለየትኛው እንደሚጠብ ለማየት አሰብን።

የመረጥነው መዝገብ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። አንድ የፎገራ ወይም የሊቦ ከምከም ገበሬ በዕድሜው ስሙ ከሚጻፍባቸው ወረቀቶች ሁሉ የሚበልጥበት ይህ ደብተር ነው። ሰውዬው ሲሞት ልጆቹ የሚፈልጉት፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሽማግሌ የሚጠይቀው፣ ድንበር ሲገፋ ዳኛ ፊት የሚቀርበው እርሱ ነው። ስለዚህ ንድፉ ቢጎድል የሚጎዳው የሆቴል ሒሳብ ሳይሆን ሰው የሚበላው እንጀራ ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ይፋግ ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ አዲስ ዘመን ሳይደርሱ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ ያለፉ ተጓዦች ስለ ገበያዋና ነጋዴ ቀረጥ ስለሚከፍልበት ኬላዋ ጽፈዋል፤ አሞሌ ጨውም ከዚያ ገበያ ዋና ሸቀጥ አንዱ ነበረ። ከእርሷ በታች ወደ ጣና የተንጣለለው ሜዳ የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ይህን ሜዳ እያቋረጡ ወደ ሐይቁ ሲገቡ በክረምት ከአልጋቸው ወጥተው ማሳውን ያለብሱታል። ሜዳው ከጥንት በፎገራ ከብት የታወቀ ነው፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በተጀመረው ሙከራ ሩዝ ገብቶበት፣ ቀድሞ ውኃ ስለሚተኛበት ለከብት ብቻ ይተው የነበረው መሬት በዋጋ ከሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ይህን ለውጥ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ወደ ነገሩ ስንገባ በመጀመሪያ የተዛማጅ መረጃ ቋት ሐሳብ ከወዴት እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል። ኤድጋር ኮድ የተባለው ትውልደ እንግሊዝ የሒሳብ ሊቅ በአሜሪካ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የሳን ሆዜ ምርምር ቤት ሲሠራ በሰኔ ወር 1970 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያን ዘመን በኮምፒዩተር የተቀመጠ መረጃ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም እንደ መረብ የተሳሰረ ነበረና፣ ፈላጊው የሚፈልገውን ለማግኘት በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚወጣና በየትኛው እንደሚወርድ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ኮድ ግን መረጃው ሁሉ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ረድፎቹ ምንም ቅደም ተከተል አይኑራቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው መንገድ ሳይሆን በሁለቱም ውስጥ የተጻፈ ቃል ይሁን አለ። ከዚህም ቀጥሎ አንድ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚለውን የማጣራት ሕግ አወጣ፤ በሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም ይቀራልና።

ዝምድና የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ለዚህ ትምህርት መሰጠቱ ሳይታሰብ የሆነ መልካም ነገር ይመስለናል። የአማራ አገር የመሬት ታሪክ ራሱ የዝምድና ታሪክ ነውና። አለን ሆበን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎጃም ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የርስት መብት በአባትም በእናትም ወገን የሚወርድ ስለ ነበረ አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች በኩል በብዙ ቦታ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበረ፤ አንዱ መሬትም የብዙ ጠያቂዎች ነበረ። የዛሬ ተማሪ ይህን ቢያይ ‹‹ብዙ ለብዙ የሆነ ግንኙነት›› ብሎ በመካከሉ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያስገባበታል። አያቶቻችን ግን ሠንጠረዡን በቃል ይዘውት ነበር፤ የትውልድ ሐረግ መቁጠር ማለት ይኸው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ይህ ሥርዓት ሲቀር መሬት የሚገኘው ከአያት በመቆጠር ሳይሆን በገበሬ ማኅበር ዝርዝር ውስጥ በመጻፍ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ገበሬው ያለው የመያዝ መብት ነው፤ መዝገብም የሚያስፈልገው ስለዚሁ ነው፤ ሽያጭ በሌለበት አገር የሽያጭ ውል ማስረጃ ሊሆን አይችልምና።

በአማራ ክልል ይህ ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ተጀመረ። የሙከራው ቀበሌዎች በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት፣ በደቡብ ወሎም ገራዶ ነበሩ። ገበሬዎች ራሳቸው የመረጧቸው ኮሚቴዎች በየማሳው እየዞሩ የባለይዞታውን ስም፣ የማሳውን ስፋት፣ የአፈሩን ለምነት፣ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑትን ሰዎች ስም ጻፉ። በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ ተለጠፈ። ሥራው በጣም ርካሽ ነበረ፤ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ለአንድ ማሳ ያስወጣውን ገንዘብ 1 የአሜሪካ ዶላር ገደማ አድርገው ገምተውታል። እኛም ከዚህ በታች ስለ ጉድለቱ ስንናገር ይህን አንዘነጋም፤ በዚህ ዋጋና በዚህ ፍጥነት ይህን ያህል ሕዝብ የመዘገበ አገር ብዙ አይደለም። በኋላም ደብተሩ ኢስላ ወደ ተባለው የክልሉ የኮምፒዩተር መዝገብ ይገለበጥ ጀመር።

አሁን ተማሪው የማጣራቱን ሕግ ይዞ ወደ ደብተሩ ይቅረብ። በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በአዋሳኞቹ ዓምድ ላይ ነው። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሌ፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ እገሊት። አንድ ሰው አምስት ማሳ ቢኖረው፣ እያንዳንዱም አራት ጎረቤት ቢኖረው፣ የዚያ ሰው ስም ከራሱ ደብተር ሌላ በሃያ ቦታ በሰው ደብተር ተጽፏል ማለት ነው። ይህ ሰው ሞቶ መሬቱ ወደ ልጁ ቢተላለፍ የራሱ ደብተር ይለወጣል፤ ሃያው ግን እንዳለ ይቀራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደብተሮቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ኮድ ሊያስቀረው የፈለገው ክፉ ነገር ይህ ነው፤ ተማሪውም ሳያመነታ ዓምዱን ይሰርዘዋል። ማሳው ካርታ ካለው ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ ከካርታው ይታወቃልና ለምን ይጻፋል ይላል።

እኛ ግን እዚህ ላይ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር እንለያያለን። አዋሳኝ በደብተሩ ላይ የተጻፈው የማሳውን ቦታ ለማሳየት ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ማሳውን ሲዞር ጎረቤቶቹ ቆመው ነበር፤ ድንበሩ እዚህ ነው ያሉት እነርሱ ናቸው። ስማቸው በደብተሩ መግባቱ የአድራሻ ነገር ሳይሆን የእማኝ ነገር ነው። ይህም በአገራችን አዲስ አይደለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበረ፤ ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ጽሑፎች በሰፊው መርምሯቸዋል። በነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ሻጭና ገዢ፣ ዋጋው፣ ከዚያም በጊዜው በሹመት የነበሩ ሰዎችና እማኞች በተርታ ይዘረዘራሉ። ጸሐፊው ብራናው ጠቦ ሳለ ያን ሁሉ ስም መጻፉ ቀለም የተረፈው ሆኖ አይደለም። ነገሩ ቢካድ የሚጠየቁት እነዚያ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ለሒሳብ ሊቁ መደጋገም የስሕተት ምንጭ ነው፤ ለባላገሩ ግን መደጋገም ማስረጃ ነው። አንድ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ከተጻፈ፣ ያን አንድ ቦታ የያዘው ሰው ሊፍቀው ይችላልና።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሁለቱንም ለመያዝ ይቻላል ብለን እናምናለን፤ አሠራሩም ይህ ነው። አዋሳኝነት የሰው ከማሳ ሳይሆን የማሳ ከማሳ ዝምድና ሆኖ በአንድ ሠንጠረዥ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ቢለወጥ ማሳው አይለወጥምና በዚህ ረድፍ ላይ የሚታረም ነገር አይኖርም። ምስክርነቱ ግን ከማሳው ጠባይ ተነጥሎ እንደ አንድ ድርጊት ይመዝገብ፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ማሳ ድንበር ላይ፣ እነዚህ ሰዎች ቆመው መሰከሩ ተብሎ። ድርጊት ካለፈ በኋላ አይለወጥም፤ እማኙ ቢሞት እንኳ የመሰከረው መስክሯል። ስለዚህ ረድፉ አይታረምም፤ አይሰረዝምም። የደብተሩ ስሕተት አዋሳኞቹን መጻፉ አልነበረም፤ ያለፈውን ምስክርነትና የዛሬውን ጉርብትና በአንድ ዓምድ ማኖሩ ነው። የተማሪው ስሕተት ደግሞ ይህን ሳይለይ ሁለቱንም አብሮ መጣሉ ነው።

ሁለተኛው ነገር የባልና የሚስት ነው። ሁለቱ በአንድ ደብተር በፎቶግራፋቸው ጭምር መግባታቸው በክልሉ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ መልካሙ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ ደብተሩን ገልጣ ራሷን ታያለች። ነገር ግን ከዚህ ቅጽ ተነሥቶ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ተማሪ ‹ባል› እና ‹ሚስት› የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይሠራል። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ በሁለት ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። አባትና እናት ሞተውባቸው አንድ ማሳ በጋራ የወረሱ አምስት እኅትማማችና ወንድማማች የት ይገባሉ? ባሏ የሞተባት ሴት እንደ ገና ብታገባ፣ አዲሱ ባል የሟቹን ቦታ ሲይዝ የሟቹ ስም ይጠፋል፤ ስሙ ከጠፋ ደግሞ የልጆቹ መብት ከወዴት እንደ መጣ የሚያሳይ አይኖርም። ሁለቱ ሲጋቡ እርሷ ከአባቷ ቤት ያገኘችውን ማሳ ይዛ መጥታ እንደ ሆነና በኋላ ቢፋቱ፣ የትኛው ማሳ ከማን ጋር እንደ መጣ ሠንጠረዡ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያቃልለው ነገር አስቸጋሪ አይደለም፤ ባለይዞታ ዓምድ መሆኑ ቀርቶ ረድፍ ይሁን። ማን፣ የትኛውን ማሳ፣ በምን ድርሻ፣ በምን ምክንያት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ። ‹በምን ምክንያት› የሚለውን ጓደኞቻችን እንዳይዘነጉት እንለምናለን፤ በውርስ፣ በጋብቻ፣ በስጦታ፣ በ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ የተገኘው ሁሉ በክርክር ጊዜ አንድ ዐይነት ሆኖ አይታይም።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 19152 የተባለው የዓለም አቀፍ የመሬት አስተዳደር ሞዴልም በዚህ በኩል ከእኛ ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ሰውን በአንድ ወገን፣ መሬቱን በሌላ ወገን፣ መብትና ግዴታን በመካከል ያኖራል፤ ለእያንዳንዱም መነሻና መድረሻ ቀን ይሰጠዋል።

ቀን ካልን ዘንድ ስለ ቀን እንናገር። ከውጭ የመጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የኛን ዘመን አቈጣጠር አያውቅም። ጳጉሜን እንደማይቀበል ሁሉም ያውቃል፤ ይስቅበታልም። የሚያስፈራው ግን የማይቀበለው ሳይሆን የሚቀበለው ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ጥቅምት 30 ሲባል ፕሮግራሙ የካቲታቸውን አይቶ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል፤ በተራ ዓመት 29ንም አይቀበልም። ከነዚህ ሁለት ቀናትና ከአምስቱ የጳጉሜ ቀናት በቀር የቀሩትን 358 ቀናት ግን አንድም ሳያጉረመርም ይወስዳል፤ ሁሉንም በፈረንጅ ቀን አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። የካቲት 30 ሰኔያቸው ውስጥ ይገባል። አንዱ ጸሐፊ የኪራይ ውልን 2012 ብሎ በእኛ ቢጽፍ፣ ሌላው ደግሞ የዚያኑ ዓመት ውል 2019 ብሎ በእነርሱ ቢጽፍ፣ ሁለቱ ውሎች በመዝገቡ ውስጥ ሰባት ዓመት ይራራቃሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ነገር ይቀመጥ እንላለን፤ አንዱ በወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ሁለተኛው ለማወዳደር እንዲመች የተለወጠው። የመጀመሪያው ፈጽሞ አይነካ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን፤ እርሱም የሰው ስም ነው። የፈረንጅ መማሪያ መጽሐፍ የቤተሰብ ስም የሚባል ዓምድ አለው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ቢጨመር የአያቱ ስም ነው። ሚስት ስትዳር ስሟን አትለውጥም። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አባትና ልጅ በአንድ ካርድ ሳጥን ውስጥ በተለያየ ፊደል ሥር ይገቡ ነበርና የውጭ አገር መምህራን ዘመዳሞችን ለማገናኘት ሲቸገሩ እናይ ነበር። ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው።

ትልቁ ችግር ፊደላችን ነው። አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ይጻፋል። ‹ፀሐይ› የሚለውን ስም እንውሰድ። መጀመሪያው በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ሊጻፍ ይችላል፤ መካከለኛው ከሀ፣ ከሐ፣ ከኀ በግእዙም በራብዑም በስድስት መንገድ ይጻፋል። እንግዲህ አንዱ ስም አሥራ ሁለት ጊዜ ይበዛል። ‹ዓለም› ደግሞ በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ በአራት መንገድ ይጻፋልና ‹ዓለም ፀሐይ› የተባለች ሴት በአርባ ስምንት ልዩ ልዩ አጻጻፍ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ሁለቱን ቃል የሚያያይዝና የሚያራርቅ ጸሐፊ ሲጨመር ዘጠና ስድስት ይሆናል። በጆሮ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ጆሮ የለውም፤ ዘጠና ስድስት ሴቶች አድርጎ ያያቸዋል። በይፋግ ገበያ የሙስሊም ነጋዴዎችን ስም ብንወስድ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ እያለ ይኸው ይደጋገማል። የመሬት መዝገቡን የሚነድፍ ሰው ስምን ቁልፍ ካደረገ ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ፈርሷል። መድኃኒቱ ፊደሉን መቀነስ አይደለም፤ ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር የቆየ ነውና እኛ እዚህ አንገባበትም። ስሙ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል የሚያመጣ ሌላ ዓምድ ከጎኑ ይኑረው። ይህ በአንድ ቀን የሚሠራ ነገር ነው፤ ሆኖም በጓደኞቻችን የመመረቂያ ሥራ ውስጥ ያየነው በጥቂቱ ነው።

ከፊደሉም ሌላ ስሙ ራሱ ይለወጣል። ቄስ፣ መሪጌታ፣ ሐጂ የሚለው ማዕርግ በስም ዓምድ ውስጥ ይገባል። የክርስትና ስም ከዓለሙ ስም ይለያል። በተለይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በአገራችን ባሏ የሞተባት ሴት በእርጅናዋ ወራት ብዙ ጊዜ ትመነኩሳለች፤ ያን ጊዜ እማሆይ ተብላ በክርስትና ስሟ ትጠራለች። ጎረቤት ሁሉ በዚያ ስም ያውቃታል፤ የቀድሞ ስሟ ከአፍ ይጠፋል። ደብተሩ ግን የቀድሞ ስሟን ይዞ ቀርቷል። በአንድ ስም የሚከራከር ዘመድ ቢመጣባት፣ እማሆይ እገሊትና በደብተሩ የተጻፈችው ሴት አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳላት በዚያ ገጽ ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፎቶግራፍ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ፎቶግራፍ ነው። መሬቷን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ አርሶ እንዲያካፍላት የምትሰጠው ይህችው ሴት ናት፤ ሞፈሩን በማሳው ላይ የምታየው ጎረቤት የምታውቀው አራሹን ነው። ስለዚህ የእኩል ውል በመዝገብ አለመግባቱ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እርሷን ነው።

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ያቆመው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ይሆናል የሚሉ አሉ። ለሕያዋን በእርግጥ ይረዳል፤ ቁጥሩ ፊደል አይደለምና አይሳሳትም። ነገር ግን የመሬት መዝገብ ግማሹ የሙታን መዝገብ ነው። መብቱ ከማን እንደ ወረደ ሲጠየቅ መልሱ የሞተ ሰው ነው፤ ለሞተ ሰው ደግሞ ፋይዳ አይወጣለትም። ስለዚህ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሞተም አለም፣ የራሱን ቁጥር ይስጥ፤ የፋይዳ ቁጥር ያለው ሲመጣ ከጎኑ ይጻፍለት። ስሞቹ በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጡ፤ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ስም ይኑረው፤ እያንዳንዱ ስም የዓለም፣ የክርስትና ወይም የምንኩስና መሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተጠራበትና አንድ መሆናቸውን ማን እንደ መሰከረ ይጻፍ። በመማሪያ መጽሐፉ ከሌላ ሠንጠረዥ የተዋሰ ቁልፍ ‹ባዕድ ቁልፍ› ይባላል። በዚህ አሠራር የእማኙም ቁጥር በዚያው የሰዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ስለሆነ፣ ባዕድ የተባለው ቁልፍ ዞሮ ዞሮ ጎረቤቱን ያመጣል።

ስለ ስፋት በአጭሩ እንለፍ። ጥማድ የአንድ ጥንድ በሬ የቀን እርሻ ነው፤ አራቱ ጥማድ አንድ ሄክታር ይቈጠር እንጂ በኮትቻና በቀላል አፈር በሬው እኩል አይውልም። የሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ በአየር ፎቶግራፍ እየተረዳ ማሳውን በሜትር ሲለካ ይህ ጥያቄ ብዙውን ተቃሏል፤ የኋላው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓትም በፊንላንድ ርዳታ ሲሠራ ካርታውንና ጽሑፉን አንድ ላይ ይዟል። ከዚህ ይልቅ የለምነቱን ዓምድ እንተቸው። ለም፣ መካከለኛ፣ ለም ያልሆነ ተብሎ አንድ ጊዜ የተጻፈ ነገር ማንን ያገለግላል? ከላይ እንዳመለከትነው በፎገራ ውኃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ ሳይገባ ዝቅተኛ ነበረ፤ ሩዝ ሲገባ ከፍተኛ ሆነ። አፈሩ አልተለወጠም፤ ዘሩ ተለወጠ። ለምነት የማሳ ጠባይ ሆኖ በማሳ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባቱ ትክክል አይደለም፤ የማሳና የዘመን አንድነት ጠባይ ነውና ቀን ይዞ በሌላ ሠንጠረዥ ይግባ። ካሣ በሚተመንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ ማሳውን ሲያቋርጥ፣ ያረጀ ቃል በገበሬው ላይ እንዳይፈርድበት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ባሕር ሸሽ ነው። የጣና ውኃ በበጋ ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠውና የሚታረሰው መሬት በዚህ ስም ይጠራል። የአየር ፎቶግራፉ ማሳን ዓመቱን ሙሉ ባለበት የሚገኝ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ አድርጎ ይወስደዋል። ፎቶግራፉ የተነሣው በኅዳር ከሆነ አንድ መሬት ያሳያል፤ በግንቦት ከሆነ ሌላ መሬት ያሳያል፤ በነሐሴ ከሆነ ውኃ ያሳያል። የሐይቁ ከፍታ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይም የዓምናው ዳርቻ የዘንድሮው አይደለም። ለዚህ መሬት ቁጥርና ካርታ ሰጥቶ እንደ ሌላው ማሳ መመዝገብ አንድም የሌለ መሬት መስጠት ነው፤ አንድም የሚታረሰውን መሬት የለም ማለት ነው። እኛ የምናቀርበው ንድፍ እንዲህ ነው። ባሕር ሸሽ ቅርጽ የሌለው፣ ወደ ውኃው የሚሄድ አቅጣጫና በየብስ በኩል የጸና መነሻ ድንበር ያለው አንድ ክፍል ሆኖ ይመዝገብ። በየዓመቱ ውኃው ሲሸሽ የቀበሌው ኮሚቴ ወጥቶ ማን ከየት እስከ የት እንዳረሰ በቃለ ጉባኤ ሲጽፍ፣ ያ ቃለ ጉባኤ በሠንጠረዡ ውስጥ የዚያ ዓመት አንድ ረድፍ ይሁን፤ ከጎኑም የቆሙት እማኞች ይጻፉ። ረድፉ የሚጸናው ለዚያ ወቅት ብቻ ነው። ርብና ጉማራ በሐምሌ ሲሞሉ መድረሻው ቀን ይጻፍበትና ይዘጋ፤ ያለፉት ዓመታት ረድፎች ግን ይቆዩ፤ ማን የትኛውን ዳርቻ ስንት ዓመት በተከታታይ እንዳረሰ የሚታየው ከእነርሱ ነውና።